ልጄን አሜሪካ የግል ትምህርት ቤት ለማስገባት፦ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ እውነተኛው ዋጋ ነው?

የሜሮን እናት፣ ሐዋሳ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሜሮን ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ዕድሜዋ 15 ነው። እኔና ባለቤቴ ሐዋሳ ውስጥ የግንባታ ዕቃ እንሸጣለን። የባንክ ዕዳ የለብንም፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ከተሳሳትን ተመልሰን የምንነሳበት አቅም የለንም። ስለዚህ በመንገዱ ያለፈ ሰው እውነቱን እንዲነግረኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ኤጀንት አዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ገለጻ ሰጥቶ ነበር፤ ሄደን ሰማን። ልጅቷ አሜሪካ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትማራለች፣ የምትኖረው በአስተናጋጅ ቤተሰብ ቤት ነው። የሰጠን ወረቀት እንዲህ ይላል፦ የትምህርት ክፍያ 18,500 ዶላር፤ ለአስተናጋጅ ቤተሰብ በወር 1,200 ዶላር፣ ለአሥር ወር 12,000፤ የጤና መድን 1,400፤ ለእርሱ የአገልግሎት ክፍያ 3,500። ድምሩ 35,400 ዶላር ነው። አንዱን ዶላር በ145 ብር ሳባዛው 5,133,000 ብር ሆነብኝ።

ለምን እንደዚህ እንደጨነቀን ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሟ በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወሰደ። በዚያ ዓመት ከመቶ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ እርሱ 46 አመጣ። በማካካሻ ትምህርት አልፎ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሜሮን ግን የወንድሟን የዚያን ሰሞን ሁኔታ በዓይኗ አይታለች፤ ውጤቱ በመጣ ሌሊት ክፍሉን ዘግቶ ሲያለቅስ ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ያደረችው እርሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ስለ ፈተና ሲወራ ከቤት ትወጣለች።

ባለቤቴ ታቦር ክፍለ ከተማ ያለችንን ቤት ሸጠን እንላካት ይላል። እኔ እፈራለሁ። ሜሪላንድ የምትኖረው እህቱ ደግሞ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን ይወጣል? በጉብኝት ቪዛ ትምጣ፤ ሰፈራችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ትገባለች» ትለናለች።

35,400 ዶላር በእርግጥ ሁሉንም ይሸፍናል? የእህቱስ መንገድ ያዋጣል?

—

የናቲ አባት፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሳነብ የራሴን የድሮ ወረቀት ያየሁ መሰለኝ። አራቱ መስመሮች ያው ናቸው፤ የተለወጡት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው።

ሙያዬ የሂሳብ ሥራ ነው። ልጃችን በነሐሴ 2015 ሲሄድ አንድ ደብተር ገዛሁ፤ ለእርሱ የወጣው ዶላር ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል። አሁን ፊት ለፊቴ ነው ያለው፤ ከእርሱ እየገለበጥኩ እጽፍልዎታለሁ። ናቲ የሚማረው ኦሃዮ ግዛት፣ ከኮሎምበስ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ በሚርቅ ትንሽ ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን በሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ነው። አሥረኛ ክፍል ገባ፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ደርሷል።

የእኛ ኤጀንት ያቀረበልን ድምር 29,650 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አልቆ ደብተሩን ስደምር 38,605 መጣ። ሦስት ጊዜ ደምሬዋለሁ። ልዩነቱን ማንም አልሰረቀንም፤ ሁሉም ደረሰኝ አለው። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ወጪ ነው እንጂ።

ትምህርት ቤቱ ከመደበኛው ክፍያ በላይ ከውጭ አገር ተማሪ 2,200 ዶላር ይቀበላል። መመዝገቢያ፣ መጻሕፍት፣ የደንብ ልብስና ኮምፒውተር 1,650 ወሰዱ። የአውሮፕላን ትኬት፣ እስከ ዋሽንግተን ከዚያም እስከ ኮሎምበስ፣ 1,900። ለቪዛ ማመልከቻ 185፣ ሴቪስ ለሚባለው የተማሪዎች መመዝገቢያ 350። ስልክና የኪስ ገንዘብ በወር 150 እንበል ብለን ጀመርን፤ በአሥር ወር 1,500 ሆነ። ክረምታቸው ሲገባ ካፖርትና ቦት ጫማ 260። የካቲት ላይ ጥርሱን አመመው፤ የጤና መድኑ ጥርስ አይሸፍንም፣ 410 ዶላር። የመጨረሻዋ 500 ዶላር ደግሞ የራሷ ታሪክ አላት፤ እመለስባታለሁ።

ነገር ግን እኛን ያደቀቀን ይህ አይደለም። እኛን ያደቀቀን ምንዛሬው ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት የከፈልነው አንዱ ዶላር 55 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው፤ በጠቅላላው 2,120,000 ብር አካባቢ። እኔም እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ይህን በሦስት አባዝቼ፣ ትንሽ ጭማሪ ይዤ፣ «6.5 ሚሊዮን ብር ካለን ልጁ ይመረቃል» ብዬ ለባለቤቴ በወረቀት አሳየኋት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ሰኞ ጠዋት ቢሮ ቁጭ ብዬ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬውን ለገበያ መልቀቁን ሰማሁ። የሁለተኛው ዓመት ክፍያ የመጨረሻ ቀን ነሐሴ 9 ነበር። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ዶላር ከ100 ብር አለፈ። እኛ ስንከፍል ከኮሚሽኑ ጋር 110 ገደማ ደረሰብን። በዶላር ሲታይ ሁለተኛው ዓመት ቀንሶ ነበር፣ 36,900፤ በብር ግን 4 ሚሊዮን አለፈ። መኪናችንን ሸጥን። አልበቃም፤ ባለቤቴ ከእናቷ የወረሰችውን ወርቅ ይዛ ፒያሳ ወረደች። አብሬያት ልሂድ ብላት እምቢ አለች። ዘንድሮ 38,200 ዶላር በ140 ብር ሂሳብ 5,348,000 ብር ከፍለናል። ሦስቱን ዓመት ሲደምሩት 11.5 ሚሊዮን ብር ነው። እኔ ለባለቤቴ ያሳየኋት 6.5 ነበር።

ስለዚህ እህቴ፣ 5,133,000 ብር የሚለውን ቁጥር ይርሱት። ሜሮን አሥረኛ ክፍል ብትገባ ሦስት ዓመት አለባት፤ ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ይመጣል። ቤት የሚሸጠው በብር ነው፣ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው በዶላር ነው። ከተሸጠው ቤት ባንክ የተቀመጠው ብር እየቀለለ ሲሄድ በየዓመቱ የሚከፈለው እየከበደ ይመጣል።

አሁን ወደ 500 ዶላሯ ልመለስ። የመጀመሪያው አስተናጋጅ ቤተሰብ ጥሩ ነበር። ታኅሣሥ ላይ የሴትየዋ አባት ታመሙና ቤተሰቡ ሌላ ግዛት መሄድ ግድ ሆነበት። ናቲ የደወለልን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እነርሱ ዘንድ ምሽት አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ገና 16 ዓመቱ ነበር። «አባዬ፣ ሻንጣዬን ላስተካክል ወይስ ልጠብቅ?» አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም፤ ጥያቄው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ቤተሰብ የሚያገናኘው ድርጅት ለቅያሪው 500 ዶላር አስከፈለን። ሦስት ሳምንት የትምህርት ቤቱ መምህር ቤት ምድር ቤት ውስጥ አደረ።

ሁለተኛዎቹ ግን ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ እስካሁን ያለው እነርሱ ዘንድ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ናቲ 55 ቀን ሥጋም ወተትም እንደማይነካ ነገራቸው። ሴትየዋ ደነገጡ፤ ልጁ ይታመማል ብለው ሐኪም ጠየቁ። ከዚያ ባለቤቴ በቪዲዮ ምስር ወጥና ሽሮ አሠራር አሳየቻቸው። በርበሬውን ከሚሄድ ሰው ጋር ላክን። አሁን ረቡዕና ዓርብ የእርሱን ድስት ለብቻ ይጥዳሉ። እንዲህ ያለ ሰው በውል አይገኝም፤ እኛ በዕድል አገኘን።

—

ፅጌ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)

የሜሮን እናት፣ ስለ ባለቤትዎ እህት ሐሳብ እኔ ልመልስ። እዚህ 19 ዓመት ኖሬአለሁ፤ ሁለት የውጭ አገር ተማሪዎችንም ቤቴ አሳድሬአለሁ።

እህትየው በቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ እዚህ ስንኖር የሰፈሩ ትምህርት ቤት ለልጆቻችን ነጻ ስለሆነ ለሁሉም እንደዚያ ይመስለናል። ነገር ግን በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው መደበኛ ትምህርት እንዲማር አይፈቀድለትም። ልጅቷ ያንን ብታደርግ ቪዛውን ጥሳለች፤ ነገ ለኮሌጅ የተማሪ ቪዛ ስትጠይቅ ይህ ይጠብቃታል። ትምህርት ቤቱ ዝም ብሎ ሊመዘግባት ይችላል፤ ቆንስላው ግን በኋላ ይጠይቃል።

በትክክለኛው የተማሪ ቪዛ፣ ኤፍ ዋን በሚባለው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይቻላል፤ ግን በእ.ኤ.አ. 1996 የወጣው ሕግ አጥሮታል። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ብቻ፣ በጠቅላላው ከ12 ወር ላልበለጠ ጊዜ፣ ያውም ወረዳው ለአንድ ተማሪ የሚያወጣውን ሙሉ ወጪ ከቪዛው በፊት ከፍሎ ነው። በግል ትምህርት ቤት ይህ የ12 ወር ገደብ የለም። ሁሉም የሐበሻ ወላጅ ወደ ግል ትምህርት ቤት የሚያመራው በዚህ ምክንያት ነው።

የባለቤትዎ እህት በእውነት መርዳት ከፈለጉ ግን ትልቅ ነገር ማድረግ ይችላሉ፦ ቤታቸው ያሳድሯት። እርስዎ ወረቀት ላይ ያለው 12,000 ዶላር ይቀርልዎታል። በአቅራቢያቸው የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በዚህ አካባቢ ርካሽ አይደሉም፣ 20 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፤ ሆኖም አንዳንዶቹ የክፍያ እርዳታ አላቸው። ለውጭ አገር ተማሪ ይሰጡ እንደሆነ በቀጥታ ደውለው ይጠይቁ እንጂ ኤጀንት መሐል አይግባ። ትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪ ለመቀበል ፈቃድ እንዳለው የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ መፈለግ ይቻላል፤ ፈቃድ ከሌለው አይ-20 የሚባለውን ቅጽ መስጠት አይችልም፣ ያለ አይ-20 ደግሞ ቪዛ የለም። የሞግዚትነት ውክልናውን እዚያው በሰነዶች ማረጋገጫ አስጨርሱ፤ አባትም እናትም ይፈርሙ። አክስት ብትሆንም ልጅቷ ስትታመም ሆስፒታል ፊርማ ይጠየቃል።

ሌላም መንገድ አለ፦ ጄ ዋን የሚባለው የባህል ልውውጥ ፕሮግራም። በእርሱ የሚመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የሚያሳድሩ ቤተሰቦች በደንቡ መሠረት ክፍያ አይቀበሉም። ግን አንድ የትምህርት ዓመት ብቻ ነው፤ ተማሪው ተመልሶ አገሩ ይጨርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ልቤን ያሳመመኝ እርሱ ነው። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጉብኝትና የተማሪ ቪዛ ለሦስት ወር የሚያገለግል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ትምህርት ላይ እስካለች ድረስ አገር ውስጥ መቆየቷን አይከለክልም። ለክረምት ዕረፍት ወደ ሐዋሳ ከመጣች ግን እንደገና ማመልከት፣ እንደገና ቃለ መጠይቅ መግባት አለባት፤ ሊከለክሏትም ይችላሉ። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ሦስት ዓመት ሳያይ ለመቆየት ይወስናል። ያንን እናትነትዎ ይችለው እንደሆነ አሁኑኑ ያስቡት።

እኔ ካሳደርኳቸው ልጆች አንዷ ከቬትናም ነበረች። እናቷ በየእሑዱ በቪዲዮ ትደውልላትና ምግቧን እስክትጨርስ ስልኩን ሳትዘጋ ታያት ነበር። አይናገሩም፣ ዝም ብለው ይተያያሉ። ከአስተናጋጅ ቤተሰብ የሚጠበቀው ክፍልና ራት ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

—

ህሊና፣ አዲስ አበባ

እትዬ፣ እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት የተላክሁ ልጅ ነኝ። አንድ ዓመት ተምሬ የተመለስኩ። አባቴ የሁለተኛውን ዓመት ክፍያ በብር አዘጋጅቶ ነበር፤ ዶላሩ ሲጨምር ግማሹ እንኳን አልሞላም። ማንም ጥፋተኛ አልነበረም።

ስመለስ የነበርኩበትን የትምህርት ደረጃ ከዚህኛው ጋር ለማስተያየት ወረቀት ስናሯሩጥ ቆየን፤ የክፍል ጓደኞቼ አሥራ ሁለተኛ ሲገቡ እኔ አሥራ አንደኛን እንደገና ጀመርኩ። አባቴ ከዚያ በኋላ ዓይኔን አያየኝም ነበር። እኔ ደግሞ እርሱን የከሰስኩት እንዳይመስለው ስለ አሜሪካ አንዲት ቃል አላወራም። ይህን የምጽፈው ሜሮንን እያሰብኩ ነው። የሁለተኛውና የሦስተኛው ዓመት ገንዘብ በእጃችሁ ሳይኖር የመጀመሪያውን አትጀምሩባት። አንድ ዓመት ተምሮ መመለስ ካለመሄድ ይከብዳል።

ጆሃንስበርግ ያለውን የአፍሪካ አመራር አካዳሚን ታውቁታላችሁ? ከ16 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን ከመላ አፍሪካ ይቀበላል፤ ሁለት ዓመት ነው፣ ተማሪዎቹ እዚያው ግቢ ያድራሉ፣ አቅም ለሌለው የገንዘብ ድጋፍ አለው። ውድድሩ ጠንካራ ነው። እኔ ስለ እርሱ የሰማሁት ዕድሜዬ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሜሮን ግን ገና ጊዜ አላት።

—

የሜሮን እናት፣ ሐዋሳ

ሦስታችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ህሊናዬ፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። አንብቤ ስጨርስ ተነስቶ ወጣ፤ ማታ ሲመለስ «ቤቷ አትሸጥም» አለ።

ዛሬ ጠዋት ኤጀንቱ ጋር ደወልኩ። የናቲ አባት የዘረዘሩትን አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ትምህርት ቤቱ ከውጭ ተማሪ የሚቀበለው ተጨማሪ ክፍያ አለ ወይ ስለው «አዎ፣ 1,800 ዶላር፤ በኋላ ይነገራችኋል» አለኝ። ለሰኔና ለሐምሌ የት ትኖራለች ስለው «ያን ጊዜ ይታያል» አለ። አስተናጋጁ ቤተሰብ ቢያስወጣትስ ስለው መልስ አልነበረውም፤ ሌላ ስልክ መጣልኝ ብሎ ዘጋ።

የባለቤቴን እህትም አናገርናት። ስለ ጉብኝት ቪዛው አላወቀችም ነበር፣ ደነገጠች። «ከእኔ ጋር ትኑር፤ ትምህርት ቤቶቹን እኔ ልደውል» ብላለች። ለዘንድሮ ትተነዋል። አሥረኛን እዚሁ ትማር፤ እስከዚያው ዶላር የሚያስገኝ ነገር እንዳለ እናያለን፣ ለጆሃንስበርጉም ታመልክት። ሜሮን የፅጌን መልእክት ካነበበች በኋላ «ሦስት ዓመት ሳላያችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚህ በፊት ማንም ይህን አልነገራትም ነበር፤ እኔም አልነገርኳትም።

የናቲ አባት፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ነገ እህቱ ዘንድ ባይሆንና ሌላ ቤተሰብ ቢገኝ፣ ውል ከመፈረሜ በፊት የትኛው መስመር ላይ ላፍጥጥ?

—

የናቲ አባት፣ አዲስ አበባ

«አሥር ወር» የሚለው ላይ። ዓመቱ አሥራ ሁለት ወር ነው። የቀሩት ሁለት ወራት ልጅቷ የት እንደምታድር፣ በስንት፣ ማን እንደሚፈርም በጽሑፍ ይስፈር። እኛ ባለፈው ክረምት ቪዛ የማደሱን ነገር ፈርተን ናቲን እዚያው አስቀረነው፤ ለሁለት ወር 2,100 ዶላር ከፍለናል። ውሉ ላይ ስላልነበረ መከራከሪያም አልነበረንም።

ከዚያ ቀጥሎ የቤተሰብ ቅያሪ ወጪ በማን ላይ እንደሆነ ይጠይቁ። ከመፈረምዎ በፊት ደግሞ ሴትየዋን በቪዲዮ ያናግሯት፤ ሜሮን የምትተኛበትን ክፍል፣ መስኮቱንና የበሩን ቁልፍ ያሳዩዎት። ሜሮን አጠገብዎ ትቀመጥ፣ እርሷም ትጠይቅ።